ሆድ የያዘው

በጥቁር ፌስታል ውስጥ ሦስቴ ጠቅልላ፣
ከነጠላዋ ሥር፣ «ሰው ያየኛል» ብላ፣
አቀበለችኝ ብልቃጡን በመስኮት፣
ዐይኗን ከእጄ ላይ ሰብራ ወደ መሬት።
«ይሸታል፣ ይቅርታ።»
«ይሽተት፣» አልኋት እኔ፣ «ምን ያሳፍርሻል?
እዚህ ቤት ያልሸተተ መቼ ይታመናል?»

መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦ ማንያዘዋል አየነው፣
ዕድሜው ሦስት ዓመት፣ ሰፈሩ አዘዞ ነው፣
ደም አለው፣ ንፍጥ አለው፣ ከጀመረው አራት ቀን።
«ምን አሉሽ?» ስላት፣ ቆጠረች ጣቷን፦
«ፋርማሲው ‹አሜባ›፣ ጎረቤት ‹ብርድ ነው›፣
አማቴ ‹ዐይን ነው፣ ጠበል አስነኪው›፤
እኔ ግን አላውቅም።»

እኔም አላውቅም።
ሙያዬም ይኸው ነው፤ ከ«አላውቅም» መነሣት፣
ሳይቸኩሉ፣ ደግሞ እዚያው አለመተኛት።

ማይክሮስኮፑ ሥር የቅዳሜ ገበያ ግፊያ፣
ነጫጭ የደም ሕዋስ እየተጋፋ እዚያ፤
አሜባ ግን የለም፣ ወዲህም ወዲያ።

ሽቦዋን ነበልባል ላይ እስክትቀላ ይዤ፣
ጥቂት ታግሼ፣ ጫፏን አቀዝቅዤ፣
ማኮንኪው ሰሌዳ ላይ እንደ ገበሬ አረስሁ፣
ትልሙን እያሳሳሁ የማይታይ ዘር ዘራሁ።
ከዚያ ማሳዬን ገልብጬ፣ ሰማዩን ከሥር አድርጌ፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሸሽጌ፣
አመሸሁ።

ሌሊት መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ ሳለ፣ ሳለና ዝም አለ።
ዘበኛው ስማቸው ጀሪካን አንጠልጥሎ
ነዳጅ ፍለጋ ወጣ፣ «መጣሁ በቃ» ብሎ።
እኔ ኢንኩቤተሩን ካፖርቴን አለበስሁት፣
እንደ እንቁላል ዶሮ ታቅፌ አሞቅሁት።

ጎንደርን ለመቆርቆር
ስንት ኖራ ፈጀ፣ ስንት ድንጋይ፣ ስንት ትከሻ!
እነዚህ በአንድ ሌሊት፣ ያለ አናጢ፣ ያለ ግንበኛ፣
ከተማ ቆርቁረው አደሩ።
ነባሮቹ የሆድ ሰዎች የወተቱን ስኳር በልተው
ቀልተዋል፤ እነዚህ ግን ገርጥተው፣
ጠል መስለው፣ ከግብሩ ሳይቀምሱ ቁጭ ብለዋል።
መገርጣት ወንጀል አይደለም። መጠርጠር ግን ይቻላል።

በሌላ ብልቃጥ ዘራሁ፤ አናቱ ቀይ፣ ግርጌው ቢጫ፣
ጋዝ የለ፣ ጥቁረት የለ።
በመርፌ ወግቼ ባሳድረው
ከወጋሁበት መስመር ንቅንቅ አላለ።
እግር የለው፣ ጭራ የለው፤
ታዲያ ከአዘዞ እዚህ ድረስ ያመጣው ማነው?
እኛ ነና። እጃችን ነው።

ሴረም ጠብ ባደርግበት እንደ ተበጠሰ ወተት
ተቋጠረ።
ሺጌላ።

የመድኃኒት ክቦችን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ደረደርሁ፤
አሞክሳሲሊንን ተደግፎ በቅሎ አገኘሁት፣ እንደ አጥር።
ሌላኛው ዙሪያ ግን ምድረ በዳ፤
ሃያ ዘጠኝ ሚሊሜትር።
ሁለቴ ለካሁት። ወደ ሐኪሙ ሮጥሁ።

«ስሙ ማነው?» አለችኝ፣ ውጤት ልትወስድ ስትመጣ።
«ሺጌላ።»
«የሰው ስም ይመስላል። የማን ልጅ ነው?»
«ያገኘው ሰው ስም ነው፤ ሩቅ አገር፣ ድሮ።»
ዝም አለች። ከዚያ፦ «ይሁን። ስሙ የታወቀ ሌባ
ደጅ ደፍሮ አይገባ።»

«ውሃ ከየት ነው የምትቀዱ?»
«ቧንቧው ሦስት ሳምንቱ። ከጉድጓዱ ነው።»
«ጉድጓዱስ?»
«ከሽንት ቤቱ ማዶ።» እጇን ዘርግታ፣ አጥፋ፣
ርቀቱን ስታሳየኝ፣ ክንዷ ራሱ በቃው።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥሁ።
ያው ሰፈር። ያው ወር። ሦስተኛው ነው።
ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍሁ፣
ማኅተም አጥቼ ዋልሁ፣
በማግሥቱ አገኘሁ።

በሳምንቱ ተመለሰች።
«ማንያዘዋል ትናንት አለቀሰ» አለች፤
ደነገጥሁ።
«ርቦት!» ብላ ሳቀች።
ከዚያ ብልቃጥ አወጣች፤
የጎረቤቷ የሙሉሰው ልጅ ነው የታመመው።
አዘዞ ሙሉ እያየ፣ ታክሲ ሙሉ እያየ
በእጇ ይዛው መጣች፤
ፌስታል አልነበረውም።